ጉርሻ ከምግብ አይቆጠርም

ሰው ጤፍ ይመዝናል፣ ቅቤ ይመዝናል፣ ማር ይመዝናል። እኔ የሰው ልጅ ስመዝን ነው ያረጀሁት። ጡረታ ወጥቼ ቤት የዋልኩ ሰሞን የልጅ ልጆቼ ከበውኝ፣ «እምዬ፣ ሥራሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «ሰው እንደ በግ ይመዘናል እንዴ?» አሉ። በግማ መች ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን ዳሰስ አድርጎ ነው ገዢው የሚፈርደው። ልጅንም እንደዚያው በዓይንና በእጅ ስንፈርድ የኖርን ሰዎች ነን። በዚህ ዓይነት ፍርድ የተጎዱ ሁለት ልጆች አውቃለሁ፤ አንዱ ቢቸና፣ አንዷ ሞጣ። ሥራዬን ሳስብ ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት እነሱ ናቸውና የማወራውም ስለነሱ ነው። መንገድ ላይ ወጣ ገባ ካልኩ ታገሡኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አባቴ ንባብ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ተማሪዎቹ ግቢያችን ውስጥ ተኮልኩለው ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ሲጮኹ፣ እኔ ከጎን ጥጥ እያባዘትኩ አብሬ አያለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ገባኝ። አባቴ ሲያውቁ አልተቆጡም፤ «በይ እንግዲህ፣ እንዳይጠፋብሽ» ብቻ አሉኝ። አልጠፋብኝም። ጽሕፈቴ ወዲያና ወዲህ ቢል ግን እንደ እግሬ ስለሆነ ነው፤ እግሬም አንድ ቦታ መቆም አይወድም።

ሥራ የገባሁት ቢቸና፣ ደርግ በወረደ ማግስት ነው። ባለቤቴ ሞቶ ልጆች ታቅፌ ቀርቼ ነበር። አንዲት ትንሽ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ጽዳት ትፈልጋለች ተባለና ሄድኩ። የክሊኒኳ ኃላፊ ሲስተር ፀዳለ ትባላለች። በዕድሜ ታናሼ ናት፣ ስለዚህ ስጽፍ «እሷ» እላታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን «አንቺ» ብያት አላውቅም። እሷም በስሜ ብቻ ጠርታኝ አታውቅም፤ «እታለም ትርንጎ» ነበር የምትለኝ። ደሞዙን ተዉት፤ ለሳሙናና ለልጆቼ ደብተር ይበቃ ነበር። የወረቀቱ ሥራ የሷ ነው። የኔ ሥራ ወለሉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሕፃን ሚዛን ላይ አልሰቀልም ብሎ ግቢውን በጩኸት ሲያናውጥ መጥረጊያዬን ጥዬ አቀፍኩት። ሲስተርም፣ «እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹን መስቀል የእርስዎ ሥራ ነው» አለችኝ። እንዲህ ሆነና መዛኝ ሆንኩ።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። ሚዛኑ እንደ ሰዓት ክብ ነው፤ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ሁለት እግር ማስገቢያ ያላት የጨርቅ ሱሪ አለች፤ ሕፃኑ እሷ ውስጥ ይገባና ይንጠለጠላል። ሲስተር የመጀመሪያው ልጅ ሳይመጣ ባዶዋን ሱሪ ሰቅላ መርፌውን ዜሮ ላይ ታስገባለች፤ ሱሪዋ ታጥባ እርጥብ ከሆነች ደግሞ ከቶ አትመዝንም። «ውኃውን ልጁ ላይ ቆጥረን እናቱን እናስደስታታለን እንዴ?» ትላለች። በብርድ ቀን ሱሪዋን ፀሐይ ላይ አሙቄ ነው የማመጣት። ቀዝቃዛ ጨርቅ የነካው ልጅ ይንፈራገጣል፣ መርፌው ይዘላል። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ትንፋሹን ሊስብ ዝም ሲል መርፌው አፍታ ይቆማል፤ ያኔ ነው ማንበብ።

ሲስተር ቁጥሩን ደግሞ ጮኻ አትናገርም። ወደ እናትየው ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነው የምትነግራት። እኛ ዘንድ ልጅን ሰው ፊት መቁጠርና ማድነቅ ዓይን ይጠራል ይባላል። እናቶቹ ገና ልጁ ሲሰቀል «ቱፍ፣ ቱፍ» ይላሉ። ሲስተር በዚህ አትስቅም ነበር። «የፈራችውን ካላከበርኩላት የምነግራትን አትሰማኝም» ትለኝ ነበር።

ለክንድ የሚሆን መለኪያም ነበረን፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የተቀባ ጥብጣብ። ቀይ ላይ ያረፈ ልጅ ወዲያው ወደ ሕክምና፣ ቢጫ ላይ ያረፈ ክትትል፣ አረንጓዴ ላይ ከደረሰ እልልታ። ከአረንጓዴ ወዲያ ቀለም የለም። ማን ያስበዋል? ያኔ ክፉ ዘመን ከኋላችን ነበር፤ የከሳ ልጅ ነው ስንፈልግ የምንውለው። የወፈረ ልጅ ያላት እናት ተሰልፋ አትመጣም፤ ብትመጣም ለመመስገን ነው። «ወፈረ» ማለት እኛ ዘንድ «ደኅና ነው፣ ጠገበ፣ እናቱ አላፈረችም» ማለት ነው። ሚዛኑም ራሱ ሃያ አምስት ኪሎ ላይ ያልቅ ነበር።

መላኩ ሚዛኑ ያለቀበት ልጅ ነው።

እናቱ ጠጄ ከቢቸና ወጣ ካለ ሰፈር ናት። ልጁ ሲወለድ ጨርቅ ነበር፤ አንገቱ አይቆም፣ ጡት አይጎትት። በማንኪያ ጠብ እያደረገች ነው ያሳደገችው። ያኔ ለክተነው ቢሆን ጥብጣቡ ቀይ ላይ ነበር የሚያርፍለት። ከዚያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ልጁ ተገለበጠ። መብላት ጀመረና ማቆም አቃተው። ጎረቤቱ መጀመሪያ ተደሰተ፣ «ተመስገን፣ ልጅሽ ሰው ሆነ» አላት። ቆይቶ ግን ልጁ ሊጡን፣ የውሻውን ትራፊ፣ ለዘር የተቀመጠውን ሽምብራ በጥሬው መብላት ሲጀምር ቃሉ ተለወጠ። «ሆዳም» አሉት። እሷን ደግሞ «አቀማጥላ አበላሸችው» አሏት።

ክሊኒክ ስታመጣው ሱሪዋ ስፌቷ እስኪንጣጣ ተለጠጠች፤ መርፌው መጨረሻው ድረስ ሄዶ ቆመ። ሲስተር ያኔ ወጣት ናት፣ ቆጣ ትላለች።

«ምን እያበላሽው ነው?»

«ኧረ እኔ አልሰጠውም ሲስተር፤ እሱ ነው የሚወስደው።»

«አትስጪው ካልኩሽ አትስጪው! ቆልፊበት። ልጅ እናቱ እንዳስለመደችው ነው።»

ጠጄ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ልጇን ይዛ ወጣች። ቁልፍ ገዛች። ልጁ ግን ከተቆለፈበት ቤት ወጥቶ ከሰው ተደብቆ መብላት ለመደ። ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤት ድግስ ነበርና፣ ከዚያ ያገኘውን ይዞ ከጎተራ ጀርባ ተደበቀ። ሰው ሳያየው ለመጨረስ ሲጣደፍ ትን አለው። ብቻውን ነበር። ቢያስል የሚሰማው፣ ጀርባውን መታ የሚያደርግለት ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ለቅሶው ላይ ከሲስተር ጋር ሄድን። ጠጄ ሲስተርን ስታያት አልሰደበቻትም። «ቆልፌ ነበር ሲስተር» አለቻት። «እንዳሉኝ ቆልፌ ነበር።» ሲስተር መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። ሌላው ለቀስተኛ መጥቶ ሄደ፤ እሷ አልተነሣችም። ስንመለስ ያ የቢቸና ጥቁር ጭቃ መንገዱን ሙሉ ጫማችንን ጎተተው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከባሕር ዳር ሊያሠለጥን የመጣ አንድ የሕፃናት ሐኪም ሲስተርን እንቅልፍ የነሣትን ነገር ፈታላት። የመላኩን ነገር ከልደቱ ጀምራ ስታወራለት ሰማትና፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ አላት፤ ሲወለድ ልፍስፍስ የሚል፣ ኋላ ደግሞ ጠገብኩ የሚል ስሜት ከተፈጥሮው የሌለው። ሲፈጠር ከዘሩ ውስጥ የጎደለ ነገር ነው እንጂ የእናት አያያዝ አይደለም፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። «ምግቡን መቆለፋችሁም ስሕተት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይቆለፍበታል። ብቻውን አይተውም እንጂ» አለ። ሲስተር አልቆየችም፤ በማግሥቱ ጠጄ ቤት ሄደች። «በአንቺ አይደለም። ከአንቺ የመጣ አልነበረም» አለቻት። ጠጄ ምን እንዳለች አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲያ ግን «ምን እያበላሽው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሲስተር አፍ ወጥቶ አያውቅም። በምትኩ ሌላ አመጣች፤ «ከነቃበት ጀምረሽ ውሎውን አጫውቺኝ።»

ሲስተር ሞጣ ስትዛወር እኔም ተከተልኳት። በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይን አድርገን ሞጣ ስንገባ አቧራው እስከ ቅንድባችን ለብሶን ነበር። ልጆቼ «ከሀገርሽ ለምን ትወጫለሽ?» ቢሉኝ፣ «እግሬ ነው የወሰነው» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ሲስተርን ትቼ የማን ሱሪ ላሞቅ ነው?

ሞጣ ስንኖር ዘመኑም አብሮን ሄደ። ሱቆቹ በር ላይ የብስኩትና የከረሜላ ዘለላ ተንጠለጠለ። ለስላሳ መጠጥ ለበዓል ብቻ መሆኑ ቀረ። ባጃጅ መጣ፤ ቀድሞ ልጅ እየተሯሯጠ በሚወጣው ዳገት፣ አሁን ገንዘብ ያለው ሰው ልጁን በባጃጅ ይልካል። ለእኛም የሚቆምበት ትልቅ ሚዛን መጣልን። ሱሪዋ ግን እስከ ጡረታዬ አልተለየችኝም።

ብርቱካን የመጣችው በዚህን ጊዜ ነው። አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ናት። እናቷ አስካለና አባቷ አያ ደሳለኝ ገበያው ዳር ምግብ ቤት አላቸው፤ ሞጣ ውስጥ ክትፎውንም ሽሮውንም የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ቤት። አስካለ ልጅቷን ያመጣቻት ፊቷን በነጠላ ጋርዳ ነው። መጀመሪያ ዓይኗን የታመመች መስሎኝ ነበር።

«ምን ሆናብሽ ነው?» አለች ሲስተር።

«ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ትንሽ ከሄደች ይደክማታል። ትምህርት ቤት ደግሞ አልሄድም ብላለች። ዓይን ነው ሲስተር! ያላያት የለም። ከእንግዲህስ ቤት ትቀመጥልኝ፤ ትምህርቱም ይቅር።»

ሲስተር ነጠላውን በቀስታ ገለጠችና ልጅቷን አየቻት። «ብርቱካን፣ ለምንድን ነው አልሄድም ያልሽው?»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «ዱባ ይሉኛል» አለች፤ ድምፅ የላትም።

አባቷ ከኋላ ገባ። በሩን ሲሞላው ክፍሉ ጨለም አለ፤ ግዙፍ ሰው ነው። ስሜን ሲሰማ ሳቀ። «ትርንጎና ብርቱካን ከአንድ ዘር አይደሉም እንዴ? ታዲያ እማማ፣ እርስዎ ለምን ቀጠኑ?» አለኝ። ወደ ሲስተር ዞሮ ደግሞ፣ «አይድከሙ ሲስተር፤ ዘራችን ነው። አባቴ እንዲህ ነው፣ አክስቶቼ እንዲህ ናቸው። በኛ ቤት ቀጭን ቢወለድ ነው ጉድ የሚባለው።»

«ሊሆን ይችላል፣ አያ ደሳለኝ» አለች ሲስተር። «አጥንቷን ከእርስዎ ወርሳለች፤ እሱን ማንም አይቀይረውም።» እኔ አውቃታለሁ፤ መላኩ ፊቷ ላይ ድቅን ብሏል። ስለ ልደቷ ጠየቀች፤ ልጅቷ ስትወለድ ብርቱ ነበረች፣ ጡት በደንብ ትጠባ ነበር። ምግብ ስትጠግብ ትተዋለች ወይ ብላ ጠየቀች።

አስካለ ግንባሯን መታች። «ትተዋለች ይላሉ! መች በላችና ሲስተር? ምንም አትበላም። ከማዕድ ቀርባ አታውቅም። ሰው 'አስካለ ልጇን ትቀልባለች' ይላል፤ እኔ ለምኜም አንድ እንጀራ አላስጨርሳትም።»

ከዚህ ቀደም የነበረችው ሲስተር ብትሆን «ትዋሻለሽ» ትላት ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ልጅቷን ሚዛን ላይ ስታወጣት ጀርባዋን ለቁጥሩ፣ ፊቷን ለእኔ አድርጋ ነው ያቆመቻት፤ እኔ ስለ ድመቴ ሳወራላት ተመዝና ወረደች። ቁጥሩን ልጅቷ አልሰማችም። የደም ምርመራም ታዘዘ፤ ደኅና ሆኖ ተመለሰ። «እናትየው አልዋሸችም» አለችኝ ሲስተር። «ያላየነው ነገር አለ እንጂ። እታለም፣ ነገ ምሳ እነ አስካለ ቤት እንብላ።»

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። አስካለ ጓዳ ናት፣ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ደሳለኝ ሒሳብ ላይ ነው። ብርቱካን ከትምህርት ቤት ቀርታ በጠረጴዛዎቹ መሀል ትንከላወሳለች። እኛ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። እኔ ገና እጄን ሳልታጠብ ተጀመረ።

አንድ ከግንደወይን በሬ ይዞ የመጣ ነጋዴ ጠራት፤ «ነይ የኔ ብርቱካን! አ በይ!» አላት፤ አፏን ከፍታ ጎረሰች። ከጎኑ ያለው ጓደኛው፣ «የሱን ጎርሰሽ የኔን ልትንቂ ነው?» አላት። እሱንም ጎረሰች። ቀጥሎ ሁለት አስተማሪዎች፤ ቀጥሎ አንድ ጭራ የያዙ ሽማግሌ፤ ሙዳ ሥጋ መርጠው በቅቤ ላይ እያንከባለሉ፣ «እደጊ፣ ያባትሽ ቤት አይጉደል» እያሉ። ልጅቷ እምቢ አትልም። ጨዋ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ያጎረሳትን እንዴት እምቢ ትላለች? አፏ ሳይጎድል ነው ሌላው የሚመጣው። ደግሞም ልጅ እያየ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጎረሳት። ቤቱ ግን ሙሉ ቀን ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሞላል።

ኋላ አስካለ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ምሳ በሳህን ይዛላት ወጣች። ብርቱካን ፊቷን አዞረች። «አልፈልግም እማዬ።»

አስካለ ወደኛ ዞረች፤ እንባዋ ሊመጣ ነው። «አያችሁ? በዓይናችሁ አያችሁ? አትበላም አላልኳችሁም?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ሲስተር እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና፣ «አስካለ፣ ጉርሻውስ?» አለቻት።

«የቱ ጉርሻ?»

«እንግዶቹ የሚያጎርሷት።»

አስካለ ግራ ገብቷት አየቻት። «ጉርሻማ ፍቅር ነው። ጉርሻ ከምግብ ይቆጠራል እንዴ?»

የሠራሁበትን ዘመን ሁሉ ሳስበው እንደዚያች ቀን ያለ የለም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። እኛም ሲስተርም ብንሆን «በላህ ወይ?» ሲሉን ጉርሻን ቆጥረን እናውቃለን? መብላት ማለት ታጥቦ፣ ቀርቦ፣ ባርኮ ነው። ጉርሻ ሌላ ነው። ሚዛኑ ብቻ ነው ይህን ልዩነት የማያውቀው።

ነገሩ መታወቁ ግን ሌላ ጠብ አመጣ። ደሳለኝ ሲሰማ ተቆጣ። «እንግዳዬ ልጄን ሲያጎርስ እጁን ልያዘው? 'ቤቴ ግቡ፣ ልጄን ግን አትንኩ' ልበል? ሲስተር፣ እኔ የምኖረው በሰው ነው!» አለ። ደግሞስ የሱ ዘር ሁሉ እንዲህ ሆኖ ኖሮ ሞቶ የለ? ብድግ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ወደ ክሊኒክ ማምጣት ተዉ። ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም። ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት አያታለሁ፤ የሰፈሩ ልጅ ውጭ ገመድ ይዘላል፣ እሷ መጋረጃውን በጣቷ ከፈት አድርጋ ታያለች። ዓይን ይበላታል ተብሎ የተዘጋባት ልጅ ስለማትሮጥ ይብሱን ትወፍራለች፤ ስለወፈረች ደግሞ ይብሱን ትደበቃለች። ሲስተር፣ «ይቺንም ላጣት ነው እታለም» አለችኝ። ሞጣ ከገባን የመላኩን ነገር ያነሣችብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ቀን በራሷ እግር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቤቱ ባዶ ነበር። ደሳለኝ ወንበር ሰጠን፣ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ልከራከርዎ አልመጣሁም፣ አያ ደሳለኝ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ዘሬ ነው ብለውኛል፣ አምኛለሁ። እርስዎ ራስዎ ታዲያ ትምህርቱን ስንተኛ ክፍል ተዉት?»

«ሦስተኛ።»

«ለምን?»

ደሳለኝ ጠረጴዛውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር። አስካለ ከጓዳ ብቅ አለች። ብዙ ዘመን አብራው የኖረች ሚስቱ መልሱን አታውቀውም ነበር፤ ከፊቷ ለየሁት።

«ጋን ይሉኝ ነበር» አለ። «መምህሩም ጭምር። 'ጋኑ፣ ተነሥ' ይለኝ ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ እዚያ ሳልደርስ ቀረሁ፤ አባቴም 'ይቅር፣ ከብት ይጠብቅ' አለ።» ጨርቁን አጠፈው። ቀና ሲል ብርቱካን በር ላይ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም።

«አንተንም?» አለችው።

ያ በር የሚሞላ ሰው ጎንበስ ብሎ ልጁን አቀፋት።

መላውን ያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ ሲስተርም እኔም አይደለንም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደሳለኝ ከሒሳብ መቀበያው ተነሥቶ ቤቱ መሀል ቆመና አጨበጨበ። «ወገኖቼ! ልጄን እንደምትወዷት አውቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጉርሻችሁን በምርቃት ለውጡልኝ። ትመጣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትመርቋታላችሁ። ሐኪም ነው ያዘዘው።»

ጭራ የያዙት ሽማግሌ ጉርሻቸው በእጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀሩ። «እና ይህን የት ላድርገው?» አሉ።

«ለራስዎ ይጉረሱት አባቴ፤ እርስዎም ከስተዋል!»

ሳቁ ጎርፍ ሆነ። ሽማግሌው ጎረሱና አኝከው እስኪውጡ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጠበቀቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው ያወረዱት ምርቃት ሽሮውን አቀዘቀዘው። ለምርቃት እምቢ የሚል እንግዳ የለም፣ ምርቃት የሚበዛባት ልጅም የለችም። አስካለም አመነች፤ ይህን ሁሉ ምርቃት አልፎ የሚገባ ዓይን ከየት ይመጣል?

ባጃጁ ቀረ። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳገቱን በእግር መውጣት ጀመሩ። የሠፈሩ ሥራ ፈት፣ «አያ ደሳለኝ፣ ባጃጁ ታመመ እንዴ?» ይለዋል። «ባጃጁ ደኅና ነው፤ እኛ ነን የታመምን!» ይላል እሱ እያለከለከ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ «ዱባ» የሚል አፍ ይዘጋል፤ አባትየውን ማን ይደፍራል? ቆይቶ ቆይቶ እሷ ቀድማው ስትደርስ እሱ መሀል ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያርፍ ጀመር።

ልጅቷ ቀጠነች ብዬ አልዋሽም። የአባቷ አጥንት የአባቷ ነው። በዓል ሲመጣም ነገሩ ይፈታል፤ ፋሲካ ላይ ማን ምርቃት ብቻ ሰጥቶ ይሸኛል? አንዳንዴ ወራት ከታገልን በኋላ ወደኋላ እንመለስ ነበር። ሲስተር አትቆጣም፤ «ውሎሽን አጫውቺኝ» ብላ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ግን ቁመቷ መጣ፣ ጉልበቷን ማመሙ ተዋት፣ ገመድ የሚዘሉት መሀል ገባች። ከሁሉ ከሁሉ ትምህርቷን አልተወችም። አባቷ ያቆመበትን ሦስተኛ ክፍል ያለፈች ጊዜ ደሳለኝ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ፣ «እማማ ትርንጎ፣ አለፍን!» አለኝ። «አለፈች» አላለም።

ሲስተር ሥራዋን ትታ ልጆቿ ወዳሉበት ከሄደች በኋላ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ጡረታ የወጣሁ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ መሸኛ ያደረጉልኝ እነ ደሳለኝ ቤት ነበር። ሱሪዋን አጥበው፣ ተኩሰው፣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሳቅንም አለቀስንም። ትሪው ቀረበ። ብርቱካን የማስታጠቢያውን ውኃ ይዛ መጣች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል፣ ትከሻዋ የአባቷ ትከሻ ነው፣ ከትምህርት ቤት የለበሰችው ሸሚዝ ገና ላይዋ ላይ ነው።

እንግዲህ እጄ የለመደው ነው። ሳላስበው ሙዳዋን መርጬ፣ ጠቅልዬ ወደ አፏ ሰነዘርኩ። ደሳለኝ ከሒሳብ መቀበያው ቀና አለ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ እንዳልነበርኩ፣ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ብርቱካን ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች። ጉርሻውን ከእጄ ላይ በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ «እማማ ትርንጎ፣ እርስዎን አጉርሶዎት የሚያውቅ አለ?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። «አ ይበሉ» ብላ አጎረሰችኝ። ከዚያ እንደለመደችው ጎንበስ ብላ ምርቃቷን ጠበቀች።

አፌ ሞልቶ ነበር። ምርቃቱን በእጄ ነው የሰጠኋት።